ከቆዳ ሥር የምትኖር ማጉያ

ሻምበል ወልደ ጊዮርጊስ ከሰሜን ጦር ግንባር ሐረር የገቡት በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው፤ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ላይ ተጭነው። ጦሩ ተበትኗል፣ ደመወዙ ቆሟል፣ ሻምበልነቱም ከስም መጠሪያነት ያለፈ ጥቅም የለውም። ሰውየው ግን ሃያ ዓመት በመገናኛ ሬዲዮ ላይ የኖሩ ናቸውና እጃቸው ሥራ አልጠፋበትም። ሐምሌ ሳይገባደድ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ጀመሩ።

ልጃቸው ጽጌሬዳ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ሳትደርስ አባቷ ዘንድ ትገባለች። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ትይዝላቸው ነበር፤ ቀጥሎ ብሎን መፍታት ተማረች፤ በዓመቱ መበየጃውን አስያዟት። እናቷ ወይዘሮ ለተማርያም ይህን ሲያዩ ጮኹ።

«እጇን አቃጥላ ማን ሊያገባት ነው?»

«የምታቃጥለው ካላስተማርኳት ነው» አሉ ሻምበሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እንዲህ ሆኖ ልጅቷ በአሥራ አምስት ዓመቷ የተበላሸ ሬዲዮ ገና ሳይከፈት የቱ ጋ እንደታመመ በድምፁ የምትለይ ሆነች። በትምህርቷም ጎበዝ ነበረች። አዲስ አበባ ገብታ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማረችና በ1996 ተመረቀች። አብረዋት የተመረቁት በየቴሌኮሙና በየግንባታው ሲበተኑ እሷ ተመልሳ ሐረር መጣች፤ በቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ማስተማር ያዘች። ለምን እንደተመለሰች ሲጠይቋት «ለአየሩ» ትል ነበር። ሌላ ምክንያት ነበራት ወይ የሚለውን ራሷም በደንብ አታውቀውም።

በ1999 ኅዳር፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ለአባቷ ምሳ ይዛ ወደ ሱቁ ስትወርድ የሚቃጠል ነገር ሸተታት። ትራንስፎርመር የተቃጠለ መሰላት። ገብታ ስታይ ሻምበሉ አንድ ቴፕ ላይ አቀርቅረው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ይሠራሉ። መበየጃው ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወድቆ ቀኝ እግራቸው ላይ ተጋድሟል። ካልሲው ይጨሳል።

«አባባ! እግርዎ!»

ወደ ታች አዩ። «ምን ሆነ?» አሉ፣ ገርሟቸው።

አልተሰማቸውም። ጽጌሬዳ መበየጃውን ነቅላ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ስትከት፣ አባቷ ያንን የተላጠ እግር የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው እያዩት ነበር። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነገሩ ታወቀ፤ ስኳር በሽታ ነው፤ ዓመታት ሳይቆይ አይቀርም፤ የእግራቸውን ነርቭ በልቶታል። ቁስሉ አልድን ብሎ ሁለት የእግር ጣት ተቆረጠ።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን ወግተው ደማቸውን በትንሿ መለኪያ ያያሉ። ለዓመታት መበየጃ የነካካው ጣት ግን እንደ ጫማ ሶል ደንድኗል። አንዴ ይወጋሉ፣ ደም የለም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ለተማርያም ፊታቸውን ያዞራሉ። ያም ሁሉ ተደርጎ መለኪያው የሚናገረው የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ጠዋት ደህና ብሎ የመሰከረላቸው ስኳር ረፋድ ላይ ወርዶ ሁለት ጊዜ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ራሳቸውን ስተዋል። ጽጌሬዳን እረፍት የነሳት ይኸ ነበር። ጣቢያው ቀኑን ሙሉ እያሰራጨ አንድ ሰው በቀን አንዴ ብቻ ሬዲዮ ቢከፍት ምን ይሰማል?

በ2002 የማስተርስ ትምህርት ለመቀጠል አዲስ አበባ ሄደች። አማካሪዋ ዶክተር ከበደ የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጉዳይ ሲያስረዱ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በጣታቸው መሃል ይዘው ነው።

«ከኬሚስትሪ ሰዎች ጋር አንድ ነገር ጀምረናል» አሏት። «ከቆዳ ሥር ተቀብሮ የሰውን ስኳር ቀኑን ሙሉ የሚለካ ሴንሰር። እነሱ ኤሌክትሮዱን ይሠራሉ። ስኳር ሲያገኘው ኮረንቲ ያወጣል፤ ስኳሩ ሲበዛ ኮረንቲው ይበዛል። ችግሩ ኮረንቲው ኢምንት ነው፤ የአምፒር ቢሊዮንኛ ነው የምልሽ። እሱን ሰምቶ የሚያጎላ፣ ደግሞ ባትሪ የማይበላ ማጉያ የሚነድፍልኝ ሰው እፈልጋለ...»

«እኔ እሠራዋለሁ» አለች፣ ሳይጨርሱ።

የአባቷ ጤና ስለሚያሳስባት ለአንድ ነገር ብቻ ፈቃድ ጠየቀች፤ የኮርሱን ትምህርት ከጨረሰች በኋላ የማጉያውን ሥራ ሐረር ሆና ለመሥራት። ዶክተሩ ጥቂት አሰቡና «ነገሩ ኮረንቲ ነው፤ የትም ይፈሳል» ብለው ፈቀዱ። ስለዚህ ያ የምርምር ሥራ የተሠራው በአባቷ ሱቅ ነው፤ በግራ በኩል የተፈታቱ ቴፖች፣ በቀኝ በኩል የጽጌሬዳ ጠረጴዛ። የሰውነት ፈሳሽ ስለሌላት ጨው ያለበት ውኃ በብርጭቆ አድርጋ፣ ስኳር በማንኪያ ጫፍ እየጨመረች፣ ከአዲስ አበባ የተላኩላትን ፀጉር የሚያካክሉ ኤሌክትሮዶች ትነክርበታለች።

ሻምበሉ የመጀመሪያውን ንድፍ ሲያዩ ብዙ አልተደነቁም።

«ባትሪውስ?» አሉ።

«የእጅ ሰዓት ባትሪ ነው አባባ። ከዚያ የሚበልጥ ከቆዳ ሥር አይገባም።»

«ሲያልቅስ?»

ጽጌሬዳ ንድፉን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ሰውን እንደ ሬዲዮ ከፍተሽ ባትሪ አትቀይሪለትም» አሉና ወደ ቴፓቸው ተመለሱ።

እሱ ቆይቶ የሚመጣ ጭንቅ ነበር። የመጀመሪያው ጭንቅ ግን ማጉያዋ የምታወራው ነገር እውነት አለመሆኑ ነበር። ብርጭቆው ያው ነው፣ ስኳሩ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ይዘላል። ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ። ሬዚስተሮቹን ቀየረች። ንድፉን ሦስት ጊዜ ከዜሮ ሠራች። ዶክተር ከበደ ስልክ ሲደውሉ «እየሄደ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን ዘግታ ብርጭቆው ላይ ታፈጣለች። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። እናቷ ከሳች ብለው አጥሚት ያመላልሱ ጀመር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። የአባቷ ቴፕ ፀጥ አለ፣ የጎረቤቱ ወፍጮም ቆመ። ጽጌሬዳ ተማርራ መዝገቧን ልትዘጋ ስትል ዓይኗ በባትሪ የሚሠራው ቴስተር ላይ አረፈ። ቁጥሩ ቆሟል። አይዘልም። እንደ ተኛ ሕፃን ፀጥ ብሏል።

«አባባ፣ ይምጡ! ይዩት!»

ሻምበሉ በዱላቸው ተደግፈው መጡ። አዩት። ከዚያ ቀና ብለው በግድግዳው ላይ የተዘረጋውን የመብራት ሽቦ አዩ፤ ሳቁም።

«ሽቦው ነዋ! አንቺ ሹክሹክታ ልትሰሚ ጆሮሽን ደቅነሻል፤ እሱ ጎንሽ ቆሞ ሲያንጎራጉር ውሏል። እኛ በጦር ሜዳ መቀበያውን በቆርቆሮ ሳጥን የምንሸፍነው ለምን መሰለሽ?»

የዚያኑ ዕለት የብስኩት ቆርቆሮ ፈልጋ ማጉያዋን ከነብርጭቆው ከተተቻት። መብራቱ ከሰዓት መጣ፤ ቁጥሩ ግን አልዘለለም። ደስታዋ ሳምንት ሳይሞላው ክረምቱ ገባና አዲስ ጣጣ አመጣ። አሁን ቁጥሩ አይዘልም፤ ይንሸራተታል። ዝናብ በዘነበ ቀን የሌለ ስኳር አለ ይላል። ለዚህም መላ ያመጡት ሻምበሉ ናቸው። ማጉያዋ የተበየደችበትን ሰሌዳ አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ከብየዳው የተረፈውን ሙጫ አልጠረግሽውም።»

«ለሬዲዮ እኮ ምንም አያደርገውም አባባ።»

«ለሬዲዮማ ምንም አያደርግም። ያንቺ ኮረንቲ ግን ከሬዲዮ ጋር አንድ ነው? ሙጫ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ሙጫ ደግሞ መንገድ ነው፤ ያቺ ትንሽ ኮረንቲሽ በዚያ ሾልካ ትጠፋለች፣ የማታውቂው ኮረንቲም በዚያው ይገባል።»

ሰሌዳውን በአልኮል አጠበችው፤ አደረቀችው፤ በሰም ሸፈነችው። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ሲዘንብ ዋለ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የዩኒቨርሲቲ መጽሐፎቿ ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ያልፉት ነበር። ጽጌሬዳ በጥናት ጽሑፏ ላይ ግን ሁለት ገጽ ጻፈችበት፤ በምስጋናው ገጽም የሻምበሉን ስም ከዶክተሩ ቀጥላ አሰፈረች።

ያን ጊዜ ነው የባትሪው ጥያቄ ሊሸሹት የማይቻል ሆኖ የመጣው። አሰላችው። ማጉያዋ በአንድ የሰዓት ባትሪ የምትኖረው ሠላሳ አንድ ቀን ነው። ዶክተር ከበደ «ቢያንስ ዓመት» ብለዋል።

ባትሪ የምትገዛው ፈረስ መጋላ ካሉት ከአው ዓብዱላሂ ነበር። አው ዓብዱላሂ አረጋዊ የሐረር ሰው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ ዓይናቸው አጉሊ መነጽሩን ይዞ የተፈጠረ ይመስላል። የተለያዩ ባትሪዎችን ለመሞከር በወሩ ውስጥ ለአምስተኛ ጊዜ ስትመጣ አዩዋት።

«ልጄ፣ አንቺ ባትሪውን ትበይዋለሽ እንዴ?»

ሳቀችና ነገረቻቸው። ከቆዳ ሥር ስለሚገባው ነገር፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ሠላሳ አንዱ ቀን። እሳቸውም ስኳር አለባቸውና በጥሞና ሰሟት።

«ሱብሐነላህ» አሉ። ከመስታወቱ ሥር አንድ የእጅ ሰዓት አውጥተው ጀርባውን ከፈቱላት። «ይኸ ሰዓት በዚያው ባትሪ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መርፌውን የምትገፋው ሞተር በሰከንድ አንዴ ብቻ ነው የምትረግጠው። ብልጭ ትላለች፣ ትተኛለች። ብልጭ፣ ትተኛለች። የማትተኛው ይቺ ጊዜ ቆጣሪዋ ብቻ ናት፤ እሷም የምትበላው እንደ ወፍ ነው። ያንቺ ማሽን ምን ሊሆን ነው ቀኑን ሙሉ ዓይኑን አፍጥጦ የሚውለው?»

ጽጌሬዳ ባትሪውን ረስታ ወጣች። አው ዓብዱላሂ በሰው ልከው አስደረሱላት።

የሰው ስኳር በሰከንድ አይለዋወጥም፤ በየአምስት ደቂቃው ማየት ይበቃል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር አጥፍታ በየአምስት ደቂቃው የምታነቃ ሰርኪዩት ነደፈች። አልሠራም። ኤሌክትሮዱ ኮረንቲ ተቋርጦበት ሲነቃ እንደ ደነገጠ ሰው የማይረባ ነገር ይቀባጥራል፤ እስኪረጋጋ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። እዚህ ላይ ሁለት ወር ቆመች። በመጨረሻ የአው ዓብዱላሂን ቃል እንደገና አሰበችው፤ ሰዓቱም ቢሆን ሁለመናው አይተኛም፤ እንደ ወፍ የምትበላዋ አትተኛም። ማጉያዋን ለሁለት ከፈለቻት። አንደኛዋ ክፍል ኤሌክትሮዱን በአንድ ቮልቴጅ ላይ ይዛ ሌት ተቀን ትጠብቃለች፤ ሥራዋ መያዝ ብቻ ስለሆነ የምትፈልገው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ፣ በላተኛዋ፣ በአምስት ደቂቃ አንዴ ለቅጽበት ነቅታ ታጎላለች፤ ቁጥሩን ሰጥታ ትተኛለች።

እንደገና አሰላችው። አንድ ዓመት ከአራት ወር። ስሌቱን አምስት ጊዜ ደገመችው፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተደግፋ አለቀሰች።

ሻምበሉ ግን አላለቀሱም። ሻምበሉ ዜናውን ይዘው ወጡ። ከሱቃቸው እስከ ፈረስ መጋላ የሚያውቃቸው ሁሉ ሰማ፤ «ልጄ ከእንግዲህ ጣት የማያስወጋ ነገር ሠርታልኛለች።» ሬዲዮ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ ታሪኩን ሳይሰማ አይሄድም። ስኳር ያለባቸው ሽማግሌዎች እየመጡ «መቼ ነው የሚገባልን?» ይሏት ጀመር። ጽጌሬዳ ፈገግ ትላለች። ቀኑን ግን አትነግራቸውም። የሠራችው ማጉያ ነው፤ የአንድ ትልቅ ነገር አንድ ክንድ። ከብርጭቆ እስከ ሰው ገላ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ከመጀመሪያውም ታውቃለች። ለአባቷ ግን አልነገረቻቸውም። በየጠዋቱ ሦስቴ የሚወጋውን ጣት እያየች እንዴት ትንገራቸው?

በ2005 ማጉያዋ አዲስ አበባ ሄደች። ብርጭቆ ውስጥ ሠላሳ ቀን ሙሉ ያለ ስህተት ሠራች። ጽጌሬዳም በማዕረግ ተመረቀች። ቀጥሎ ሴንሰሩ ከነማጉያው በአንዲት ጥንቸል ቆዳ ሥር ተቀበረ። አሥራ አንድ ቀን ደህና ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ በአሥራ አምስተኛው ዜሮ ደረሰ። ከፍተው ሲያዩ ማጉያዋ ምንም አልሆነችም። የጥንቸሏ ገላ ግን ኤሌክትሮዱን ባዕድ ነው ብሎ በሥጋ ክር ጠቅልሎ ዘግቶታል፤ ስኳሩ አይደርሰውም። ማጉያዋ አራት ቀን ሙሉ በየአምስት ደቂቃው እየነቃች፣ ከታፈነ ኤሌክትሮድ የምትሰማውን ዝምታ በታማኝነት ስታጎላ ሰንብታለች።

በዓመቱ ሥራው ተዘጋ። ዶክተር ከበደ በስልክ ሲነግሯት ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። «ያንቺ ክፍል አልወደቀም፤ ይህን እወቂልኝ» አሏት።

እሷን ግን የሚያስጨንቃት ሌላ ነበር። በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሻምበሉ ከመድኃኔዓለም ደጀ ሰላም ወጥተው ድንጋይ ላይ ዐረፍ ሲሉ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ የደበቅሁዎት ነገር አለ።»

«ተናገሪ።»

ነገረቻቸው። ጥንቸሏን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ መዘጋቱን። «ቢሳካም እንኳ» አለች፣ «ለሰው እስኪደርስ አሥር ዓመት፣ ምናልባት ሃያ። መጀመሪያም ለእርስዎ እንደማይደርስ አውቅ ነበር። እርስዎ ለሰው ሁሉ ሲናገሩ ዝም አልኩ።»

ሻምበሉ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁልቁል ወደ አደባባዩ አዩ። ታክሲዎቹ ይጮሃሉ።

«ጽጌ» አሉ፣ «እኔ በሬዲዮ ስንት ጊዜ ‹እርዳታ እየመጣ ነው› ብዬ ለወታደር አስተላልፌያለሁ መሰለሽ? የሚመጣና የማይመጣ እርዳታ በድምፁ ይለያል። ያንቺ እንደማይደርስልኝ ካወቅሁ ቆየሁ።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ለምን ይናገሩ ነበር?»

«ደስ ስለሚለኝ ነዋ» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። «በ83 ስመለስ እንደ ተሸናፊ ነው ከተማው የገባሁት። ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፈኝ ነበር፤ ላለማየት። ስላንቺ ሳወራ ግን ቆመው ይሰሙኛል። ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው፤ ያንቺ አይደለም።»

ጽጌሬዳ እጃቸውን ያዘች። ያ ደንዳና ጣት መዳፏ ውስጥ ገባ። ከዚያ ለተማርያም ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና «ምነው እንደ ለቅሶኛ ተቀመጣችሁ?» ብለው ሁለቱንም አስነሷቸው።

ከዚያ ወዲያ ሻምበሉ ለሚጠይቃቸው ሁሉ እውነቱን ይናገሩ ጀመር፤ «ልጄ የሠራችው ማጉያ ነው፤ ኤሌክትሮዱ ገና ነው።» ገላነሽ የምትባል፣ እሷም ስኳር ያለባት ጎረቤት ሰምታ አዘነች። አው ዓብዱላሂ ግን «ለልጅ ልጆቻችን ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ» ብለው አለፉት። ለአባቷ ጽጌሬዳ ማድረግ የምትችለውን ታደርግ ነበር፤ በየማታው እግራቸውን አጥባ ጣት በጣት ትመረምራለች፤ የማይሰማ እግር ዓይን ይፈልጋልና። ሌላ ጣት ሳይቆረጥ ዓመታት አለፉ።

በ2008 ዶክተር ከበደ ደወሉ። የኬሚስትሪ ሰዎች ኤሌክትሮዱን የሚያለብሱበት፣ ገላ የማይሸሸው አዲስ ስስ ሽፋን አግኝተዋል። ሥራው እንደገና ሊከፈት ነው። ማጉያዋ ግን በግማሽ ማነስ አለባት፤ ባትሪውም እንዲሁ።

«አዲስ አበባ ትመጫለሽ?» አሏት።

«አልመጣም» አለች። «ከዚሁ ሆኜ እሠራዋለሁ። ደግሞ ሦስት ተማሪዎቼ አብረውኝ ይሥሩ፤ ስማቸውም ይግባ።»

ዶክተሩ ሳቁና ተስማሙ። ሁለተኛው ንድፍ ሁለት ዓመት ወሰደ። በዚያን ጊዜ የሻምበሉ ዓይን ደክሞ ሥራ ትተው ነበር፤ ሱቁ ግን አልተዘጋም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ተማሪዎቹ ሲከራከሩ ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ ጣልቃ ይገባሉ፤ አንዳንዴም ልክ አይሆኑም፤ ያን ጊዜ ልጆቹ በትሕትና ዝም ይላሉ።

በ2010 ግንቦት የአዲሱ ሴንሰር ውጤት በስልኳ መጣ። በሁለተኛዋ ጥንቸል ገላ ውስጥ ስድሳ ሦስት ቀን ሞልቶታል፤ ቁጥሩ አልወረደም፤ ገና እየሠራ ነው። ጽጌሬዳ መልእክቱን መምህራን ክፍል ውስጥ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ስድሳ ሦስት ቀን ዓመት አይደለም፣ ጥንቸልም ሰው አይደለም። ለአባቷ ደውላ ነገረቻቸው፤ «ስንት ቀን አልሽ?» ብለው አስደገሟት። ከዚያ ስልኩን ዘጋች፤ ያልታረሙ አርባ የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩና ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ ማረም ጀመረች።